ፈረስ ምን ኃጢአት አለበትና ይጾማል?

ባለፈው ጥር እንጅባራ አካባቢ፣ አጎቴ ቤት፣ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ፋንድያ ሲጠብቅ አደረ። ቀልድ አይደለም። ትልቅ ትንሹ ጋቢ ተከናንቦ፣ ባትሪ እየተቀባበለ፣ የአንድ ወጣት ፈረስ ጭራ ከፍ ይል እንደሆነ ያያል። ጭራው ከፍ ሲል ሁላችንም ብድግ እንላለን። ፈረሱ አየር ብቻ ለቅቆ ጭራውን ይመልሳል። እኛም እንመለሳለን።

ፈረሱ ተርፏል። ልብ ሰቀላ ስለማልወድ ይህን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ደግሞም ከዚያ ማታ ጀምሮ በጭንቅላቴ የሚመላለሰው የእሱ መትረፍ አለመትረፍ አይደለም። አያቴ ሌሊቱን የተናገረችው አንድ ነገር ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ፈረሱ ምን ሲበላ እንደከረመ ማወቅ አለባችሁ።

የደላው ፈረስ

ዳማ ነው። ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው። የፊት የወተት ጥርሶቹን ገና እየቀየረ ስለነበር ሦስት ዓመት አይሞላውም ነበር። አጎቴ ከእናቱ ሥር ጀምሮ ያሳደገው ነው። ልጓም ያስለመደው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈልግም። ለጥር 23 ሊያወጣው አስቦ ነበር። ለግልቢያ ሳይሆን ሕዝብና ሆታ እንዲለምድ፣ ከትልልቆቹ ጎን እንዲሄድ።

ጥር 23 እኛ አካባቢ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አይነገርም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። በዓሉ የሚከበረው የአድዋና የአምስቱን ዓመት ዘመን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። የፈረሶቻቸውን ነገር አትለፉት። በዚህ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና ናቸው። በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ነው። አጎቴም ለዳማው ስም እያሰበለት ነበር፤ ግን ሳይሮጥ ስም አይሰጠውም ብሎ ያዘው። እኔን የሚገርመኝ የእነዚያን ሁሉ ፈረሶች ስም እየጠራን ማደጋችን፣ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ምን ሲያማቸው ማን እንዳከማቸው ግን አንድም ሰው ሲያወራ አለመስማቴ ነው። ፉከራው ውስጥ ቁርጠት የለም።

በዓሉ ሲቀርብ ፈረስ ይቀለባል። ይህ ያለ ነገር ነው። ፈረሱ ሊያብረቀርቅ፣ ዳሌው ሊሞላ ይገባል። ቀጫጫ ፈረስ ይዞ የወጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይወራበታል። ስለዚህ ከገና ወዲህ የዳማው ገብስ በረከተ። ጠዋት ጥሬ ገብስ፣ ማታ ጥሬ ገብስ። መሀል ላይ የአጎቴ ሚስት ባቄላ ጣል ታደርግለታለች። ጥምቀት ሲመጣ የጠላው አተላ ተጨመረ። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የያዙትን ያጎርሱታል። አያቴ (እማ ነው የምንላት) ከሁሉም ተደብቃ በነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ትወስድለታለች። ሁሉም ሰው እኔ ብቻ ነኝ የምሰጠው ብሎ ያስባል።

ከገብሱ በተረፈ ያለው የጤፍና የገብስ ጭድ ነው። ጥር ነው፤ ለምለም ሣር የለም። ደግሞ ብርዱ። እንጅባራ ከባሕር በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ ጥር ጠዋት መሬቱ ላይ አመዳይ ታያላችሁ። ውሃው ጥርስ ይሰብራል። ፈረስ እንዲህ ያለውን ውሃ በአፉ ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል። እንግዲህ አስቡት። ደረቅ ጭድ፣ ብዙ እህል፣ ጥቂት ውሃ፣ በዚያ ላይ ለበዓሉ እንዳይጎዳ ተብሎ ሥራ የለም። ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይቆማል።

የአገሬ ሰው «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ይላል። ዳማው ግን መዝለል ላይም አልደረሰም። ጥጋቡ ራሱ ጣለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገብሱን ተወው። መጀመሪያ ያየው የአጎቴ ትንሹ ልጅ ነው። «አባ፣ ዳማው እምቢ አለ» ብሎ መጣ። ማንም አልሰማውም። ቡና ላይ ነበርን። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጣ። «መሬቱን እየጫረ ነው።» አጎቴ ያን ጊዜ ሲኒውን አስቀመጠ።

ስንወጣ ፈረሱ የፊት እግሩን ኮቴ መሬት ላይ ይጎትታል። አንገቱን አዙሮ ሽንጡን ያያል። የላይ ከንፈሩን ወደ ላይ ይገለብጣል፤ የማያውቅ ሰው የሚስቅ ይመስለዋል። ይተኛል፤ ወዲያው ይነሣል። ደግሞ ይተኛና ይንከባለላል። አንገቱና ጎኑ በላብ ርሷል። በዚያ ብርድ።

«ቁርጠት ነው» አለ አጎቴ። ፊቱ አመድ መሰለ።

የጠርሙሱ ጉባኤ

ገጠር ውስጥ ፈረስ ታመመ ከተባለ ሰው ለመሰብሰብ ጥሪ አያስፈልገውም። አንዱ በአጥር፣ አንዱ በበር ይገባል። ሁሉም «እግዜር ይማርልህ» ይላል፤ ከዚያ መድኃኒቱን ይናገራል።

አንዱ ላንቃውን እንብጣው አለ። አንዱ በደንብ ጋልቡት፣ ሆዱ ይፈታል አለ። አንድ ሽማግሌ ፌጦ በአረቄ አሉ። የጎረቤት ሴት የኑግ ዘይት ይዛ መጣች። እማ ጠበል አመጣች፤ ፊቱን፣ ጋማውን፣ ሆዱን ረጨችው። ፈረሱ ጠበሉን ሲረጭበት ትንሽ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

ከተሜ ሆኖ በእነዚህ ሰዎች መሳቅ ቀላል ነው። እኔም ባሕር ዳር ብሆን እስቅ ነበር መሰለኝ። እዚያ ቆሜ ሳይ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። አንድ እንስሳ ፊታችሁ ወድቆ ሲነሣ፣ ሲያቃስት፣ ዐይኑን ሲያጉረጠርጥ እጅን አጣጥፎ መቆም ያማል። እጅ አንድ ነገር መያዝ ይፈልጋል። ያ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ የመጣው ፈረሱ ስላሳዘነው ነው። ያዘነለትንም የሚገልጸው አንድ ነገር አፉ ውስጥ በመጨመር ነው። ሌላ መንገድ የለውም።

የአጎቴ ጥንካሬ ስልክ መደወሉ ነው። የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ቁጥር ከዓመት በፊት ለበሬ ክትባት ሲሉ ይዞት ነበር። ደወለ። «መጣሁ፤ እስክመጣ ምንም እንዳታጠጡት፤ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራሽሩት» ተባለ። አጎቴ መልእክቱን ለጉባኤው ነገረ። ጉባኤው ግን መንገዱ ሩቅ ነው፣ ፈረሱ አይጠብቅም ብሎ ወሰነ። ፌጦው ተወቀጠ። አረቄው ተቀላቀለ። ጠርሙሱ ተሞላ። ሁለት ጎረምሶች አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርገው ያዙት። አጎቴ መሀል ላይ ቆሟል። እንቢ አላለም፣ እሺም አላለም። ጠርሙሱ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ የሞተር ድምፅ ተሰማ።

«አባባ፣ እሱን ይዘው ይቆዩኝ»

ከሞተሩ የወረደችው ወጣት ሴት ናት። ጃኬት ለብሳለች፤ ጫማዋ ቦቲ ነው፤ ሣጥን ተሸክማለች። የሰፈሩ ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ። ምን እንዳሰቡ ለመገመት ሊቅ መሆን አይጠይቅም።

ጠርሙሱን ከያዙት ሽማግሌ ጋር አልተጣላችም። «አባባ፣ እሱን ይዘው ይቆዩኝ፤ መጀመሪያ ልስማው» አለች። ሽማግሌው ጠርሙሱን ይዘው ቆሙ። ነገሩ ሁሉ ካበቃ በኋላም ይዘውት ነበር።

ከዚያ ያደረገችውን ደጋግሜ አስታውሳለሁ። ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ ምንም ያደረገች አይመስልም ነበር። ከአገጩ ሥር ጣቷን አስገብታ ሰዓቷን እያየች የልብ ምቱን ቆጠረች። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ድዱን አየች፤ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጭ የሆነው ቦታ ስንት ሰከንድ ቆይቶ ሮዝ እንደሚሆን ተከታተለች። ማዳመጫዋን በግራ ሽንጡ አደረገች። ከላይ፣ ከታች። በቀኝም እንደዚያው። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ውሻው እንኳን ዝም አለ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የዘር ፍሬውን ዳሰሰች። ጎረምሶቹ ፈነዱ። እሷ ሳትስቅ «በድንጉላ ላይ አንጀት ወደዚህ ወርዶ ይያዛል፤ ሳያዩ ማለፍ አይቻልም» አለች። ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ጠየቀች። «ፋንድያ የጣለው መቼ ነው?»

ማንም አያውቅም። አጎቴ አያውቅም። ያ ሁሉ ፈረስ አዋቂ፣ የፈረስ ዘር ቆጣሪ፣ አያውቅም። የመለሰው ትንሹ ልጅ ነው፤ ጋጣውን የሚጠርገው እሱ ነዋ። «ትናንት ጠዋት ትንሽ ነበር። ደረቅ ነበር። ትናንት ማታና ዛሬ የለም።» ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ጥያቄዋን በሙሉ ለእሱ ነው ያቀረበችው። ስንት ጊዜ ይጠጣል? ገብሱ በምን ይሰፈራል? ከመቼ ወዲህ ጨመረ? ፌስታል ሲበላ አይተሃል? ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደ ፈተና መለሰ። ገብሱ ሲደመር ስንት ጣሳ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የሰማነው። የአጎቴ ሚስት ስለ ባቄላው ተናገረች። አንዱ ልጅ ስለ ዳቦው። እማ ስለ ቆሎው ዝም አለች።

«የልብ ምቱ ከ50 በላይ ነው» አለች ሐኪሟ። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው የሚመታው፤ 60ን ካለፈ ያስፈራል። ድዱ ሮዝ ነው፤ ጥሩ። የግራው ሆድ ድምፅ አለው፤ የቀኙ ደክሟል። «ደርቆበታል። እህሉም አየር ፈጥሮበታል። መጠማዘዝ አይመስለኝም። መጠማዘዝ ከሆነ ግን ኦፕራሲዮን ነው የሚፈልገው፤ እኔ እዚህ ላደርገው የምችለው ነገር አይደለም።» ይህን ፊት ለፊት ተናገረች። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ።

ሽማግሌው አሁንም ጠርሙሱን እንደያዙ ናቸው። «እንግዲህ ይህንስ ልጄ?» አሉ።

የእሷን መልስ ቃል በቃል አላስታውሰውም፤ ሐሳቡን ግን አልረሳውም። ፈረስ አያስመልስም። የጨጓራው አፍ አንዴ ካስገባ ወደ ላይ አይለቅም። ውሻ ቢሆን የማይስማማውን መልሶ ይተፋዋል። ፈረስ የዋጠው ሁሉ ያንን ረጅም አንጀት እስከ መጨረሻው መጓዝ አለበት። ጨጓራው ደግሞ ትንሽ ናት፤ የትልቅ ፈረስ እንኳን ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው የምትይዘው። የላም ትልቁ ጨጓራ ከመቶ ሊትር በላይ ይይዛል። ላም ታመነዥካለች፤ ታገሣለች፤ አየሯን ታስወጣለች። «በሬ ሲነፋ ዘይት ታጠጣላችሁ፤ ልክ ናችሁ፤ ይሠራል» አለች። ፈረስ ግን በሬ አይደለም። አንገቱን ቀና አድርጎ በግድ ሲያጠጡት ደግሞ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ከቁርጠቱ ቢተርፍ በሳንባው ይሞታል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰዎቹ አላዋቂ አልነበሩም። እውቀታቸው የበሬ እውቀት ነው። በሬ አርሶ ያበላቸዋል፤ ስለ በሬ ሆድ ሦስት ትውልድ ያካበቱት ነገር አለ። ፈረሱን ደግሞ ወደዱት እንጂ ስለ ሆዱ አላሰቡም። ስለዚህ እንደ በሬ አበሉት፣ እንደ በሬ ሊያክሙት ነበር።

እሷ ዘይት ሰጠችው፤ ግን በቱቦ። ረጅም ለስላሳ ቱቦ በአፍንጫው አስገብታ፣ በአንገቱ ግራ በኩል ሲወርድ በእጇ እየዳሰሰች፣ ጨጓራው ድረስ ሰደደችው። መጀመሪያ የወጣው አየር ነው። ሽታው አተላ አተላ ይላል። አጎቴ ሚስቱን አያት። ሚስቱ መሬት አየች። ቀጥሎ ፓራፊን የሚባለው ማለስለሻ ዘይትና ለብ ያለ ውሃ ገባ። የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋችው። ከዚያ ለመሄድ ተነሣች፤ ሌላ መንደር የምትወልድ ላም ነበረች።

ትእዛዟ አጭር ነው። ፋንድያ እስኪጥል ምንም ዓይነት ምግብ የለም። ጭድም፣ ገብስም፣ ሣርም። ውሃ ለብ ተደርጎ በጥቂት በጥቂቱ ይቀርብለት። ሊንከባለል ሲል አስነሡት፣ በእርምጃ አንሸራሽሩት፤ አታስሩጡት፣ አታድክሙት። ድዱ ከጠቆረ ወይም ምቱ ከ60 ካለፈ በሌሊትም ቢሆን ደውሉ። ምቱን የሚቆጥረው ማን ነው? ልጁ ነው አለች። ጣቱን ይዛ ከአገጩ ሥር አሳየችው።

ሌሊቱ

ልጁ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። የእኔን ስልክ ተቀብሎ ሰዓት ይይዛል። ይቆጥራል። ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ትልልቆቹ ወንዶች «ስንት ሆነ?» እያሉ ይጠይቁታል። ቁጥሩ አንዴ ወረድ፣ አንዴ ወጣ አለ። ፈረሱን ተራ በተራ ግቢውን አዞርነው። በመርፌው ኃይል ይሁን በዘይቱ፣ መንከባለሉን ተወ። ግን ፋንድያ የለም።

እኩለ ሌሊት አካባቢ ሌላ ነገር ጀመረው። ራበው። ራሱን ወደ ግርግሙ ዘረጋ። ባዶ ነው። ከንፈሩን በእንጨቱ ላይ አሸ። አሽካካ። ይህን ድምፅ ጠዋት ጠዋት ገብስ ሲመጣለት ነው የሚያሰማው። አጎቴ ፊቱን አዞረ። እኔ ከዚያ በፊት የአጎቴን ፊት እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

ያኔ ነው እማ የወጣችው። ነጠላዋን ጨብጣለች። በቀጥታ ወደ ጋጣው። ልጁ ፊቷ ቆመ።

«እማ፣ ዶክተሯ አይሆንም ብላለች።»

«ትንሽ ናት።»

«ትንሽም አይሆንም ብላለች።»

እማ ሁላችንንም አየችን። ያኔ ነው የተናገረችው። «እኔ ብጾም ኃጢአት አለብኝ። ፈረስ ምን ኃጢአት አለበትና ይጾማል?»

ማንም አልመለሰላትም። ምን ተብሎ ይመለሳል? ይህች ሴት ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ አንድም ሳታጎድል የጾመች ናት። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው። የዓመቱን ግማሽ በጾም የሚያሳልፍ ሕዝብ መሀል ነው ያደግነው። ከምግብ መከልከል እንግዳችን አይደለም። ግን የምንከለክለው ራሳችንን ነው። ሌላውን አንከለክልም። ሌላው ይበላል። እንግዳ ይበላል፣ ሕፃን ይበላል፣ የታመመ ይበላል። የታመመ ሰው ቤት ስንሄድ አጥሚት ይዘን ነው። አልበላም ካለ እንለምናለን፤ በሞቴ እንላለን፤ እናጎርሳለን። ያጎረሰ ወደደ። የከለከለ ጠላ። እማ ሰማንያ ዓመት የኖረችበት ሕግ ይህ ነው፤ የእኛም ነው። አንዲት የቦቲ ጫማ ያደረገች ልጅ መጥታ በአንድ ምሽት የምትሽረው ሕግ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ብዙ አሰብኩ። ዳማው የታመመው ማንም ስለጠላው አይደለም። የታመመው ሁሉም ስለወደደው ነው፤ ሁሉም የወደደው ደግሞ በእጁ ነው። የፈረስ አንጀት ውስጥ ሣርን የሚያብላሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። ገብስ ሲበዛባቸው ሥራቸው ይዛባል፤ አሲድና አየር ይበዛል። ትልቁ አንጀት ዳሌው አጠገብ ሲደርስ እጥፍ ብሎ ይጠባል፤ ደረቅ ጭድ ውሃ ካላገኘ እዚያ ላይ ይሰነቀራል። ይህ ሁሉ ፍቅር አያውቅም። አንጀቱ በማን እጅ እንደመጣ አይጠይቅም።

ይህን ብዬ ግን እማን ተሳስታለች ማለት ይከብደኛል። ሐኪሟ ስለ አንጀቱ ልክ ናት። እማም የተናገረችው ልክ ነው፤ ፈረሱ አያውቅም። እኛ ስንጾም ለምን እንደምንጾም እናውቃለን፤ ማምሻውን እንደምንበላም እናውቃለን። ዳማው የሚያውቀው ግርግሙ ባዶ መሆኑን ብቻ ነው። ትናንት ከአምስት እጅ ሲጎርስ የነበረ ዛሬ አምስቱም እጅ ነሡት። ለእሱ እኛ በአንድ ሌሊት ክፉዎች ሆነናል። እንስሳ ማሳከም ከሰው የሚከብደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰውን «ለራስህ ነው» ትሉታላችሁ። ፈረስን ምን ትሉታላችሁ?

እማ ቆሎውን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ቋጠረች። ግን ወደ ቤት አልገባችም። ጋጣው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እንግዲህ እኔም አልበላም» አለች። እራት ከበላች ሰዓታት አልፈዋል፤ ለነገሩ ማንም እኩለ ሌሊት ላይ አይበላም። ቢሆንም ማንም አልሳቀም። እስኪነጋ ውሃም አልቀመሰች።

ሊነጋጋ ሲል ጭራው ከፍ አለ። እንደ ወትሮው ብድግ አልን። ዱብ። ዱብ ዱብ። ጥቂት ናቸው፤ ደረቅ፣ ጥቁር፣ በዘይቱ የሚያብረቀርቁ። ልጁ በባዶ እጁ አነሣቸው። ሰባብሮ አየ፤ እንዲያይ ታዞ ነበር። እማ እልል አለች። እኔ በሕይወቴ ለፋንድያ እልል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ብቅ አለ። አጎቴ ልጁን አጎንብሶ ጉልበቱን አስያዘውና መረቀው፤ ረጅም ምርቃት፣ ለሠርግ የሚመረቅ ዓይነት።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ሐኪሟ ተመልሳ መጣች። በእፍኝ እርጥብ ሣር ተጀመረ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ተጨመረ። እህል ለጊዜው ታገደ። እህል የበዛበት ፈረስ ሆዱ ከዳነ በኋላ ኮቴው ሊታመም ስለሚችል ጠዋትና ማታ ኮቴውን በእጅ እየነኩ ሙቀቱን ማየት ነበረባቸው፤ ይህንንም ልጁ ያዘው። ከሳምንታት በኋላ የሆድ ትል መድኃኒት ተሰጠው። ጥር 23 ላይ ዳማው አልወጣም። አጎቴ በእግሩ ሄዶ ከሰው ጋር ቆሞ አየ። «የት አለ ፈረሱ?» ላለው ሁሉ ሙሉውን ታሪክ፣ ከፋንድያው ጭምር፣ ይተርክ ነበር አሉ። በዚያ በዓል ላይ ስለ ፈረስ አንጀት ሲወራ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሣሩስ?

አንድ ነገር ግን ሳይነሣ መቅረት የለበትም። ሐኪሟ በመጨረሻ ስትሄድ አጎቴን «ፈረስ የተፈጠረው ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሣር እየጋጠ እንዲሄድ ነው፤ ለምን ታስሩታላችሁ?» አለችው። አጎቴ መልስ አልሰጣትም። በእጁ ብቻ ወደ ኮረብታው አሳያት።

ኮረብታው ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ነው። ከላይ እስከ ታች። እኔ ልጅ ሳለሁ እዚያ ላይ ከብትና ፈረስ ይውል ነበር። አሁን ማሳውም፣ ዳገቱም፣ የድንበሩ ጥግም ዛፍ ነው። በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። ማንንም መውቀስ አይቻልም። መሬቱ አሲዳማ ነው፤ እህሉ እምቢ ብሎ ነበር። ዲከረንስ ብዙ ቤት በቆርቆሮ አልብሷል፤ ብዙ ልጅ አስተምሯል። የአጎቴንም ትልልቅ ልጆች። ዳማውን ያከሙበት ብር ራሱ የከሰል ብር ነው። ግን ሣሩ ሄደ። ሣሩ ሲሄድ ፈረሱ ወደ ጋጣ ገባ። ጋጣ ሲገባ የሚጠብቀው ጭድና የእኛ እጅ ሆነ።

በቀደም አጎቴን ደውዬ ጠየቅሁት። የቤቱ ጀርባ ያለው ዲከረንስ ዘንድሮ ይቆረጣል። ግማሹን መሬት ለሣር ልተወው ነው አለኝ። ትልልቆቹ ልጆች ሩቡ ይበቃል ብለዋል፤ አንደኛው ሩቡም ኪሳራ ነው ባይ ነው። ትንሹ ስንት ፈረስ በስንት ጥማድ ሣር እንደሚያድር ደብተሩ ላይ እያሰላ ነው። እማ ደግሞ ሣሩም ይሁን፣ ገብሱም አይቅር ብላለች።